እርሙን ያላወጣ ወታደር

(የዝግጅቱ መለያ ዜማ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ከጦር ሜዳ ስለተመለሰ ሰው ሐዘን እንነጋገራለን። ስለ ወታደር ቁስል፣ ስለ ጡረታውና ስለ ሜዳሊያው ብዙ ጊዜ ተወርቷል። ስለ ለቅሶው ግን ሲወራ እምብዛም አንሰማም። አጠገቡ የወደቀውን ጓዱን ሬሳ ሳያነሳ ያለፈ፣ ከዚያ ወዲህ ሠላሳም አርባም ዓመት ስሙን ለማንም ሳይጠራ የኖረ ሰው በየሰፈራችን አለ። ምናልባትም ይህን ሬዲዮ አብሯችሁ እያዳመጠ ይሆናል።

በአገራችን ሰው ሲሞት የሚደረገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ደጅ ደርሶ ነው እንጂ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው መርዶ አይነገርም። ወዲያው የእድር ጡሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ሰሐን ይመጣል። ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ጋግሮ ይገባል። ነጠላ ይዘቀዘቃል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በሙስሊሙም ቤት ቀብሩ ሳይውል ሳያድር ይፈጸማል፤ ሰው ለተዕዚያ ይሰበሰባል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ሰደቃ ይወጣል። ሐዘንተኛው እንዲበላ ይለመናል፤ ለቅሶው ሲበዛበት ደግሞ “ይብቃህ” የሚለው ሰው አለ። የማልቀሻ ጊዜ አለ፤ ተነስቶ ወደ ሥራ የሚገባበትም ጊዜ አለ።

አሁን ደግሞ አንድ የሃያ ዓመት ወታደር አስቡ። ምሽግ ውስጥ ወራት ከርሟል። አብሮት ኮቾሮ የበላ፣ ከአንድ ኮዳ ውሃ የጠጣ፣ የሌሊት ጥበቃ የተፈራረቀው ልጅ አለ። እንዲህ ያለው ጓድ አንዳንዴ ከወንድም ይበልጣል። አንዱ ሲተኛ ነፍሱ በሌላው ዓይን ላይ ታድራለችና። አንድ ጠዋት ያ ልጅ ይመታል። ትእዛዙ “ወደፊት!” ነው፤ ወይም “አፈግፍግ!” ነው። በሁለቱም ቢሆን ለመቆም ጊዜ የለም። የተረፈው ቢያለቅስ እጁ ይፈታል፤ እጁ ከተፈታ ተከትሎ ይሞታል። ስለዚህ ሐዘኑን ቆይ ይለዋል። ማታ ሲደርስ ደክሞታል። በማግሥቱ ሌላ ጓድ ይወድቃል። ወሩ ሲያልቅ ቆይ የተባሉት ሐዘኖች ብዙ ናቸው፤ ለየትኛው መጀመሪያ እንደሚለቀስም አይታወቅም።

የአያቶቻችን ዘመቻ እንዲህ አልነበረም። ዘማቹ የሚወጣው ከአገሩ ሰው ጋር፣ ከሚያውቀው አለቃ ሥር ነበር። ሰው ሲወድቅ የተረፈው ጎረቤቱ ጋሻውን ወይም ጠመንጃውን ይዞ ይመለሳል፤ ለእናቱና ለሚስቱ እንዴት እንደወደቀ ይነግራል። በለቅሶው ሜዳ ፈረሱ ተጭኖ ይጎተታል፤ ልብሱና መሣሪያው ይወጣል፤ አልቃሽ ሙያውን ትቆጥራለች። ወንዱ ይፎክራል፣ ደረቱን ይደቃል፣ እንባውን በአደባባይ ያፈሳል። “ወንድ ልጅ አያለቅስም” የሚሉ ሰዎች ያንን ለቅሶ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እላለሁ አንዳንዴ።

በዘመናዊው ጦር ግን ሰው ከአራቱም ማዕዘን ይደባለቃል። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከጋሞ የመጣው ከወሎው፣ ከወለጋ የመጣው ከሐረርጌው ጋር በአንድ መቶ፣ በአንድ ሻምበል ተመደበ። ምሽግ ውስጥ ወንድማማች ሆኑ። ጦሩ ሲበተን ግን እያንዳንዱ ወደየአገሩ ሄደ፤ በሄደበት አገር ደግሞ ሟቹን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

እስኪ የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አውጡና ተመልከቱ። አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ እህት እያለ ይዘረዝራል፤ አንዳንዱ አማትና አያትንም ይጨምራል። ለእያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም ተጽፏል። እኔ ባየኋቸው ደንቦች ውስጥ የጦር ሜዳ ጓድ የሚል መስመር የለም። ወታደሩ ተመልሶ ለጎረቤቱ “ጓደኛዬ ሞቷል” ቢል “መቼ?” ይባላል። “በ1980።” “የት?” “አፍአበት።” ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ይለወጣል፤ ቡና ይቀዳል፤ ስለ ጤፍ ዋጋ ይወራል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ሐዘኑ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያሳይ ሥርዓት ስለሌለ ነው።

(አጭር ዜማ)

ከራሳችን ታሪክ ሁለት ጦሮችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

አንደኛው ቃኘው ነው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ተነሳ። ስሙን ያገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ አባት ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው ነው። በየተራ የተላኩት ሻለቆች ቁጥር ሲደመር ከ6,000 ሰው በላይ ይሆናል፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው አልተማረከም። ቡሳን ከተማ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር አለ፤ የብዙ አገር ወታደሮች እስከ ዛሬ እዚያ ተቀብረዋል። ኢትዮጵያዊ ግን የለበትም፤ አፅማቸው ወደ አገራቸው ተመልሷል። በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. መታሰቢያ ሲቆምላቸው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል።

ከ1966 በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው ዘማቾች ታሪክ በይፋ የሚነሳ ነገር መሆኑ ቀረ። ብዙዎቹ በችግር ኖሩ። ቢሆንም ሁለት ነገር አልተወሰደባቸውም። ሟቾቻቸው አገር ቤት ነበሩ፤ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቁ ነበር። አዲስ አበባ የካ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር አላቸው፤ ማኅበር አላቸው፤ በኋላም አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ ቆመላቸው። ሽማግሌዎቹ መለዮአቸውን አድርገው፣ ሜዳሊያቸውን ደርድረው እዚያ ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ሥነ ሥርዓት ብቻ ያየ እንዳይመስለው። ለቅሶ እየደረሱ ነው።

ሁለተኛው ጦር በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ የተሰበረው የደርጉ ናደው ዕዝ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በጥቂት ቀናት ወደቀ። የካቲት 1981 ሽሬ፣ የካቲት 1982 ምጽዋ ተከተለ። ሬሳ የሚያነሳ አልነበረም፤ ለቤተሰብ የደብዳቤ መርዶ የሚጽፍም አልነበረም። ግንቦት 1983 ላይ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋው ጦር ተበተነ፤ ከፊሉ ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ ከፊሉ በእግሩ ወደ አገሩ ገባ፤ ከፊሉ ካምፕ ገብቶ ወጣ። ሬንጀሩን አውልቆ የሚሄድ ወታደር ከዚያ በኋላ በአደባባይ የሚሰማው ስለ ተሸነፈው ሥርዓት ነበር። በምሽግ ስለቀረው የጓዱ ሬሳ የሚጠይቀው አልነበረም። የተሸነፈ ጦር ሟች ሐውልት የለውም። ሐውልት ከሌለ፣ መቃብር ከሌለ፣ አብሮ የሚያለቅስ ከሌለ፣ ሰውየው እርሙን የት ሄዶ ያውጣ? እናት ስታለቅስ ልጇ በየትኛው ወገን ሆኖ እንደወደቀ አትጠየቅም። ጓድም መጠየቅ የለበትም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በቬትናም ጦርነት አሜሪካዊው ወታደር ለአንድ ዓመት በግሉ ተልኮ፣ ዓመቱ ሲሞላ በግሉ በአውሮፕላን ይመለስ ነበር። ጓዱ ሲሞት ሬሳው በሄሊኮፕተር ተወስዶ ከዓይኑ ይጠፋል። ቦስተን ውስጥ እነዚህን ዘማቾች ለዓመታት ያከመው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱን የግሪክ ጀግና የአኪሊስን ሐዘን ከታካሚዎቹ ሐዘን ጋር አነጻጽሮ ጽፏል። አኪሊስ ጓዱ ሲሞት ጦሩ ሁሉ አብሮት አልቅሷል፤ የቬትናሙ ልጅ ግን ለማልቀስ ፋታ አልተሰጠውም፤ የታፈነው ሐዘን ወደ ቁጣ ተለወጠበት። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሚያስደነግጥ ነገር አሳይቷል። በሕክምና ላይ ያሉ የቬትናም ዘማቾች ጓዶቻቸውን ካጡ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፏቸው ሳለ የሐዘናቸው ብርታት የትዳር ጓደኛው በቅርቡ ከሞተበት ሰው ሐዘን ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ።

ዋሽንግተን ላይ በ1982 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ብዙዎቻችሁ በፎቶ አይታችሁት ይሆናል። በጥቁር ድንጋይ ላይ ከ58,000 በላይ ስም ተቀርጿል። ንድፉን ያወጣችው ማያ ሊን ንድፏ ሲመረጥ የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ይህ በአሠራር ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ዘማች ወደ ግድግዳው ሲመጣ በዚያች ቀን አብረውት የነበሩትን ልጆች ጎን ለጎን ያገኛቸዋል። ብዙዎቹ ስሙን በጣታቸው ይዳስሱታል፤ ደብዳቤ፣ ጫማ፣ ሲጋራ ከሥሩ ያስቀምጣሉ። ከአርባው ቀን ድንኳን ጋር ዝምድናው ይታያችኋል?

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። በጦርነት የተጎዳ አእምሮ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ የሚመጣው ሕመም ነው። ሰውየው ቅዠት ያያል፤ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ አደጋው አሁንም አጠገቡ እንዳለ ይሰማዋል። የዚህ ሥሩ ፍርሃት ነው። የሐዘን ሥሩ ግን ናፍቆት ነው። አንዱ ያ ቀን እንዳይመለስበት ይሸሻል፤ ሌላው ያ ሰው እንዲመለስለት ይመኛል። ብዙ ዘማቾች ሁለቱንም ተሸክመዋል። ለቅዠቱ ሕክምና አግኝተው ለናፍቆቱ ያላገኙ አሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች መዘርዝሩ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማለት ነው፣ የተራዘመ ሐዘንን ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ አስገብቶታል። ከሞቱ ከስድስት ወር በላይ አልፎ፣ ከማኅበረሰቡ ወግ በላይ ረዝሞ፣ ናፍቆቱ ወይም በሟቹ ሐሳብ መያዙ ሰውየውን ከሥራና ከቤተሰብ የለየው ከሆነ ሐኪም ማየት አለበት። በዚያው ዓመት አሜሪካውያን ሐኪሞችም በራሳቸው መመሪያ አስገብተውታል፤ የእነሱ መለኪያ ለአዋቂ አንድ ዓመት ነው።

ቤተሰብ ይህን በምን ያውቀዋል? አባትየው በተወሰነ ወር ላይ ይለወጣል፤ የካቲት ሲገባ ወይም መጋቢት ሲጠባ ዝም ይላል። በበዓል ቀን ሁሉም ሲሰበሰብ ተነስቶ ይወጣል። አረቄው ይበዛል። ትንሽ ነገር ያስቆጣዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እምብዛም የማያውቀው ጎረቤት ሞቶ ቀብር ይሄድና የሟቹ ልጆች እንኳን ያላለቀሱትን ያህል ያለቅሳል። ሰው “ምን ነካው?” ይላል። ምንም አልነካውም፤ ድንኳን ስላገኘ የራሱን እያለቀሰ ነው።

ከዚህ ሥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ይኖራል፤ እኔ ለምን ተረፍኩ የሚል። “የጥበቃው ተራ የእኔ ነበር፤ እሱ ተካኝ።” “ውሃ እንዲያመጣ የላክሁት እኔ ነኝ።” እንዲህ ያለውን ሰው “ጥፋት የለብህም” ብሎ በአንድ ቃል ማሰናበት አይረዳም። ይህን ለራሱ ሺህ ጊዜ ብሎታል። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲናገር የሚሰማው ሰው ነው የሚፈልገው። “ጀግናዬ” እያሉ ማሞገስም ያው ነው። ጀግና ከተባለ ወዲያ ማልቀስ ያሳፍረዋል፤ አፉን እንዲዘጋ ያደርገዋል። በክብረ በዓል ላይ ይሁን፤ በቤት ግን በስሙ ጥሩት።

ሕክምናው አለ። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካትሪን ሺር ለተራዘመ ሐዘን ያዘጋጀችው የንግግር ሕክምና 16 ክፍለ ጊዜ ገደማ የሚወስድ ነው። ታካሚው የሞቱን ቀን በሐኪሙ ፊት ደጋግሞ ይተርካል። ሲሸሻቸው ወደኖሩ ቦታዎችና ነገሮች ቀስ በቀስ ይመለሳል። ከዚያም ሟቹን በሐሳቡ አስቀምጦ ያነጋግረዋል፤ የሚጠይቀውን ይጠይቀዋል፤ ይቅርታም ካለ ይጠይቃል። ይህን ሳነብ የአገራችን አልቃሾች ትዝ አሉኝ። አልቃሽ ሟቹን “አንተ” ብላ ነው የምታናግረው፤ ለምን ትተኸን ሄድህ ብላ ትሞግተዋለች። የድብርት መድኃኒት ድብርቱን ሊያቀል ይችላል፤ ሐዘኑን ግን ብቻውን አይፈታውም።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ከስሙ ጀምሩ። ልጅ ከሆናችሁ፣ ምሽት ላይ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ “አባዬ፣ ያ አብሮህ የነበረው ልጅ ስሙ ማን ነበር? አገሩስ የት ነው?” በሉት። ስንት ሰው ገደልህ፣ እንዴት ሞተ የሚል ጥያቄ አታንሱ። ምን ያስቀው እንደነበር፣ እናቱን ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር ጠይቁት። መጀመሪያ ላይ “ተወው ልጄ” ሊል ይችላል፤ አትጫኑት፤ ሌላ ቀን ድገሙት። ስሙን ከነገራችሁ ጻፉት። የወደቀበትን ቀን ካስታወሰ በዓመቱ ቀኑን አስቡለት። ክርስቲያን ከሆነ ስሙን ለካህን ሰጥታችሁ ጸሎት ይደረግ፤ ዝክር ይዘከር። ሙስሊም ከሆነ ዱዓ ይደረግ፤ ሰደቃ ይውጣ። ሁለት ጎረቤት ተጠርቶ ንፍሮ ቢቀመጥ ይበቃል፤ ሠርግ የሚያህል ድግስ አያስፈልግም።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የተረፈው ወታደር አንዳንድ ጊዜ የሟቹ ብቸኛ ምስክር ነው። እሱ ካልተናገረ እናቲቱ ልጇ ሱዳን ይሁን ምርኮ ይሁን ሳታውቅ በር በሩን እያየች ታረጃለች። በትግራይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው ጦርነት የወደቁት መርዶ ለቤተሰቦቻቸው በይፋ ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን ሲታወጅ፣ በየቤቱ ተዘግቶ የቆየው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ። መርዶ ይመራል፤ አለማወቅ ግን ይበልጥ ይመራል። ስለዚህ ዘማቹ የጓዱን ቤተሰብ ለማግኘት ከፈለገ አግዙት። ብቻውን አይሂድ። በመጀመሪያ የዚያ አገር ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት ይነገረው፤ መርዶው በወጉ፣ በማለዳ ይነገር። ስለ ሬሳው ሁኔታ ዝርዝር አይነሳ። ሲጨርስ እዚያው ከሐዘንተኞቹ ጋር ይቀመጥ፤ የእሱም ለቅሶ ነውና።

ሐኪም የግድ የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከመጠጥ መላቀቅ ካቃተው፣ መሞትን ካነሳ፣ ቀን አትቁጠሩ። “ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁን ብቻውን የያዘውን እንዲያወጣ በር ይከፍትለታል። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ለታመነ ዘመድ ይሰጥ። በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ከሌለው ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጠበል የሚጠመቅ ከሆነ ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለእድር ዳኞችና ለጸሐፊዎች አለኝ። በየእድራችሁ የቀድሞ ወታደር የሆነ አባል አለ፤ ምናልባትም ከአንድ በላይ። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አጀንዳ አስይዙ። አንድ አባል በጦር ሜዳ የወደቀ ጓዱን ለማሰብ ሲፈልግ እድሩ ለአንድ ቀን ድንኳኑን ይትከልለት፤ አባላትም ለቅሶ ይድረሱት። የገንዘቡን ነገር እንደ አቅማችሁ ወስኑ፤ ባይከፈልም ግድ የለም። ድንኳኑና ወንበሩ መጋዘን ውስጥ አለ። የሚጎድለው በደንቡ ላይ አንድ መስመር ነው፤ እሱን ጻፉት።